ጾሙ ወይስ ክኒኑ

ረመዷን ሲገባ ጀይላን የሚናገረው ሲጠየቅ ብቻ ነበር። ወሩ ሲያልቅ ግን ከሰንበቴ የከብት ገበያ ተመልሶ፣ ግመሏን ዕድሜዋን የሚያጋልጠው ጥርሷ ሳይታይ ሊሸጥ ስለሞከረ ነጋዴ እየተረከ እናቱን ሰዒዳን በሳቅ አፈረሳት። ታናሽ እህቱ ዓፊያም ሳቀች፤ ወዲያው ግን "ምን አገኘው?" የሚል ጥያቄ ያዛት። ስታቲስቲክስ ተምራ ወደ ከሚሴ የተመለሰች ልጅ ናት፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ነገር ያሳክካታል።

ጀይላን ስኪዞፍሬንያ አለበት። ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ እየሰማ የከብት ድለላውን ትቶ ነበር። ሪስፐሪዶን የሚባለውን ክኒን ሲጀምር ድምፆቹ ዝም አሉ፤ እሱም አብሯቸው ዝም አለ። ዓመት ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀመጠ። ከቤት የሚወጣው ጓደኛው አንዋር ዘንድ ጫት ለመቃም ብቻ ነበር። ረመዷን ሊገባ ሲል የአእምሮ ጤና ነርሷ ሲስተር አመልማል ከሐኪሙ ጋር ተማክራ፣ በሪስፐሪዶኑ ላይ ለድብርት የሚታዘዝ ሌላ ክኒን ጨመረችለት። "ለአንዳንዱ ይረዳል፣ ለአንዳንዱ ምንም አይልም። እናያለን" ነበር ያለችው።

"ጾሙ ነው የረዳው" ትላለች ሰዒዳ። "ጫቱን ተወልኝ፣ አልሐምዱሊላህ።"

ዓፊያን ያንገበገባት ይኸው ነው። ክኒኑና ጫቱ በአንድ ሰሞን ተቀይረዋል፤ ታዲያ የትኛው እንደሠራ በምን ይታወቃል?

ከኢድ በኋላ ቀጠሮው ሲደርስ ሦስቱም በባጃጅ ሄዱ። ሲስተር አመልማል ገና "እንዴት ከረማችሁ?" ከማለቷ ዓፊያ ጀመረች።

"ሲስተር፣ አዲሱ ክኒን መሥራቱን አናውቅም። በዚያው ሰሞን ጫት አቁሟል። የረዳው ጫት ማቆሙ ከሆነ ክኒኑን ለምን ይውጣል?"

"እህትየው ዳኛ ሆና መጣች" አለች ሲስተር። ግን አሰበችበት። "ልክ ነሽ። መድኃኒት ሲደራረብ ጉዳቱም ይደራረባል። እውነት ጫቱ ከሆነ ይህን ቀስ ብለን እናወጣዋለን። እትዬ ሰዒዳ፣ በእርግጥ አቁሟል?"

"ወላሂ አልነካም። ወሩን ሙሉ ከእኔ ጋር ያፈጥር፣ ክኒኑን እያየሁት ይውጥ፣ ከዚያ መስጊድ ለተራዊህ ሶላት ይሄድ ነበር። ኢልመ ኮ፣ ልጄን አውቀዋለሁ።"

ጀይላን ጫማውን ያይ ነበር።

"አይቁም" አለ።

"ምኑ?" አለች ሲስተር።

"ክኒኑ። ወደዚያ ግድግዳ አልመለስም።"

"ማስረጃህ ምንድን ነው?" አለች ዓፊያ። "ተሻለኝ ማለት ብቻውን አይበቃም።"

ጀይላን እናቱን አየ፣ በሩን አየ፣ እንደገና እናቱን አየ።

"ጫት አላቆምኩም።"

"ማል ጄቴ?" አለች ሰዒዳ። "ምን አልክ?"

"ከተራዊህ በኋላ አንዋር ቤት እቅም ነበር። እንደ ድሮው።"

"ተራዊሁስ?"

"እሱንማ ሰግጃለሁ፣ እማ።"

ሰዒዳ ሻሿን ፊቷ ላይ ጎተተች። ዓፊያ ልትቆጣው ይገባ ነበር፤ እሷ ግን ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች።

"ቆይ፣ ጫቱ ቢሆንስ የሚያስለፈልፍህ?"

"ዓመት ሙሉ ቅሜ መቼ ለፈለፍኩ? አንዋርን ጠይቂው። ከአንተ ጋር ከመቃም ከበር ጋር መቃም ይሻላል ይለኝ ነበር።"

ሲስተር አመልማል ሳቋን መያዝ አቃታት። "እንግዲህ ጫቱ ካልተቀየረ፣ የተቀየረው ክኒኑ ነው።"

"ወይም ጾሙ" አለች ሰዒዳ ከሻሿ ሥር።

"ወይም ሪስፐሪዶኑን በሰዓቱ መዋጡ" አለች ዓፊያ። "ድሮ ያሻው ቀን ይዘለው ነበር።"

"ስለዚህ ክኒኑ ይቆያል፣ ሰዓቱም ይጠበቃል" አለች ሲስተር። "ጾሙ እንደሆነ አልቋል፤ ሳይጾምም እንዲህ ከሆነ እናያለን። ጫቱን ግን ተው፣ ጀይላን። የሸሹትን ድምፆች መልሶ የሚጠራብህ እሱ ነው።"

"አሁን ከተወው እኮ እንደገና ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ሊቀየር ነው" አለች ዓፊያ። "የቱ እንደሠራ በምን እናውቃለን?"

"ልዳን ወይስ ልጠና?" አለ ጀይላን።

ዓፊያ ተናዳ ቦርሳዋን አንስታ ተነሳች።

ሲመለሱ ሰዒዳ ባጃጁ ውስጥ ፊቷን ወደ ጨፋ ሜዳ ማሽላ አዙራ ተቀመጠች። ጀይላን ሊያባብላት የግመሏን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ነጋዴው አፏን በእጁ ከድኖ እንዴት እንደማለ ጭምር።

"ዝም በል እስቲ" አለችው ሰዒዳ።

ከታመመ ወዲህ ይህን ያለው ሰው አልነበረም። ዓፊያ ዞር ብላ አየችው። ጀይላን ዝም አላለም፤ ወደ ግመሏ ጥርስ ደርሶ ነበር።