ከሰባተኛው ዘፈን በፊት

ኖሪን ማለዳ ተነስታ እንቁላል ቀቀለች፤ ዳቦ ጠበሰች፤ በረንዳው ላይ የረገፈውን ቅጠል ጠረገች። ሻይዋን ሳትጨርስ ረስ በሩን አንኳኳ።

ረስ ሟቹ ባሏ ዴል ከበሮ ይመታበት የነበረው፣ ፓንክ የሚባለውን ፈጣንና ጯሂ ሮክ የሚጫወት ባንድ ዘፋኝ ነው። ሁለተኛውን አልበማቸውን የቀዱት ከአርባ ዓመት በፊት፣ ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ ባለው በዚሁ ቤት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ነበር።

«ያኔ ራስህን በምላጭ ትላጭ ነበር» አለችው። «አሁን በራህ ከድካሙ ገላገለህ።»

«የአንቺ ምላስ ግን አላረጀም!»

አልበሙ እንደገና በሸክላ ሊታተም ነው። በእነሱ ደንብ አራቱም የባንዱ አባላት እሺ ካላሉ ምንም ነገር አይወጣም። ዴል ከሞተ ወዲህ በእሱ ቦታ እሺ የምትለው ኖሪን ናት።

ዋናው ቴፕ ከእርጅና ብዛት ተጣብቆ ስለነበር ለስለስ ባለ የምድጃ ሙቀት አድርቀውት ነው ወደ ኮምፒውተር የገለበጡት። ያኔ ማንም የማያስታውሰው ነገር ተገኘ። ረስ በስልኩ አሰማት።

«ኧረ ቀስ በሉ!» ይላል ዴል፣ ከሰባተኛው ዘፈን በፊት። «ኖሪን ከላይ ፎቅ ተኝታለች። ለፈተና ስታጠና ነው ያደረችው።» ከዚያ የከበሮ ዱላዎቹን አጋጭቶ ቆጠረ።

ሰባተኛው ከአልበሙ ሁሉ ቀርፋፋው ዘፈን ነው። መጀመሪያ መድረክ ላይ ሲጫወቱት፣ በፈጣን ምት እየጨፈሩ መጋፋትና መላተም የለመዱት ልጆች «ጡረታ ውጡ!» እያሉ ጀርባቸውን ሰጥተዋቸው ነበር። ኋላ ግን ስንቱ ባንድ ተከተላቸው። ለምን ቀስ አሉ እየተባለ ብዙ ተጻፈ። ዴል ሲጠየቅ ፈገግ ብሎ ያልፍ ነበር፤ ለእሷም አልነገራትም።

«ድገመው» አለች ኖሪን፣ ወደ መስኮቱ ዞር ብላ።

ደገመው።

«እኔ እኮ ደክሞት መስሎኝ ሰድቤው ነበር» አለ ረስ።

«ምን አለህ?»

«ምን ይለኛል? ሳቀብኝ።» ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ይሄ ንግግር አልበሙ ውስጥ ቢገባ ደስ ይለኛል። አድማጮች ስንት ዓመት ሙሉ የጠየቁን ነገር ነው። አንቺ እምቢ ካልሽ ግን ይቀራል።»

«ዘፈኑን ይውሰዱት» አለች። «የእነሱ ነው።»

«ንግግሩስ?»

«እሱ እዚሁ ቤት ይቅር፣ ረስ።»

ረስ አልተከራከራትም። ንግግሩን ወደ ስልኳ ላከላትና የቀዘቀዘውን ሻይዋን ጠጥቶባት ሄደ።

አልበሙ በቀጣዩ መከር ወጣ። ስድስተኛው ዘፈን ያልቃል፤ ሰባተኛው ይጀምራል። በመካከላቸው የዴል ድምፅ የለም።