የጾም ወተት በጣሳ

እናቴ ባለፈው ዓመት በዓቢይ ጾም የሠራሁላትን የአጃ አጥሚት ግማሹን ከጠጣች በኋላ ወተት እንዳለበት ደረሰችበት። አልጮኸችም። ስኒውን አስቀምጣ፣ "ሶስና፣ አንቺም?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በጾም ቀን እኔ የነካሁትን አትቀምስም። ውሃ እንኳ ራሷ ትቀዳለች።

ወተቱን የጨመርኩበት ከክፋት አልነበረም። ከቀዶ ሕክምና ወጥታ አጥንቷ ብቻ ቀርቶ ነበር። ሐኪሙ ወተት አዘዘላት፤ የነፍስ አባቷ መምሬ ገብረ ማርያምም ፈቀዱላት። እሷ ግን "እርሳቸው ፈቀዱ እንጂ እኔ መቼ ፈቀድኩ?" ብላ አረፈችው። እናቴን ወይዘሮ ዘውድነሽን የሚያውቅ የዳንግላ ሰው ከዚህ በኋላ ማስቸገር ትርፉ ድካም እንደሆነ ያውቃል።

ዘንድሮም ጾሙ ሲገባ መክሳት ጀመረች። እንጅባራ ቢሮ አብራኝ የምትሠራው የምሥራች በምሳ ሰዓት፣ ኔትወርክ ሲመጣ፣ ስልኳን ሰጠችኝ። ቴሌግራም ላይ ከውጭ የመጣ የምግብ ሸቀጥ የሚሸጡ የአዲስ አበባ ነጋዴዎች ናቸው። ከፓስታውና ከዘይቱ መሐል "የአኩሪ አተር ወተት፣ ለጿሚዎች" የሚል ጣሳ አለ። ዋጋ ስጠይቅ "በውስጥ መስመር" አሉኝ፤ በውስጥ መስመር ስጠይቅ "ይደውሉ" አሉኝ። የመንግሥት ምስጢር የሚሸጡ ነው የሚመስሉት።

እናቴን ማሳመን ደግሞ ሦስት እሑድ ፈጀብኝ። ፎቶውን አሳየኋት።

"ከአተር ወተት? ማን አለበው?"

"ተፈጭቶ ነው እማዬ።"

ስልኩን መለሰችልኝና፣ "እኔ የፈረንጅ ፊደል አላውቅ። አንቺ አንብበሽ ጾም ነው ካልሽኝ እጠጣለሁ" አለች።

ያዘዝኩት ጣሳ ዓርብ ቀን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ዳንግላ ደረሰ። ከቢሮ አስፈቅጄ መጣሁ፤ ከመናኸሪያ ተቀብዬ በባጃጅ ወደ ቤት በረርኩ። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። እናቴ ዱቄቱ የሚበጠበጥበትን ውሃ አፍልታ፣ የእንግዳውን ኩባያ አጥባ፣ ምንም ሳትቀምስ ትጠብቀኛለች። ቀሚሷ ከትከሻዋ ይንሸራተታል። ክዳኑን ስከፍተው ጎንበስ ብላ አሸተተችና ሳቅ አለች። ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ።

በቃሌ መሠረት ላነብላት ጣሳውን አዞርኩት። መልኩ በፎቶ ካየሁት ትንሽ ይለያል። አኩሪ አተር ይላል፤ ስኳር ይላል፤ ከሥር ደግሞ በደቃቅ ፊደል የላም ወተት ዱቄት ይላል። ደግሜ አነበብኩት። ያዘዝኩት አልቆባቸው ኖሮ እሱን የሚመስል ሌላ ልከውልኛል።

ጾሙ ሊፈታ ገና ሦስት ሳምንት ይቀራል። "ጾም ነው" ብላት ትጠጣለች፤ ትበረታለች። እሷም፣ መምሬም፣ ማንም አያውቅም። ሻጮቹን ረገምኳቸው። እውነቱን ልናገር፣ ልዋሻት አፌን ከፍቼ ነበር። ቀና ብላ አፍ አፌን ታያለች።

"እማዬ፣ ወተት አለበት።"

ይህን ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ብትሞትብኝስ? ሌላ የለኝም እኮ።

እናቴ ጣሳውን ከደነችው፣ በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ጠረገችለትና ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው።

"ለፋሲካ ይሁነን። የጾሙን ሌላ እዘዢ።"

"እሺ።"

"ውሃው ፈልቷል። የአጃ ዱቄት ከጓዳ አለ። አጥሚት ሥሪልኝ።"

"እኔ?"

"ታዲያ ማን አለኝ?"

ጓዳ ብቻዬን ገባሁ። አጃውን አማሰልኩ፤ ተልባ ጨመርኩበት። ተከትላኝ አልመጣችም። ሰጠኋት፤ እፍ እፍ እያለች እስከ አተላው ጠጣችው። ምን እንዳለበት አልጠየቀችኝም።