ለእርቅ የታጠበ ጋዋን

ሰርክአዲስ ለእርቁ ቀን ጋዋኗን አጠበች። ጤና ጣቢያችን ውሃ ባጣበት ሰሞን፣ አህያ ጫኝ ያመጣላትን ጀሪካን ለመጠጥ እንኳ ሳትቆጥብ ጨረሰችበት።

«ምነው፣ አበድሽ እንዴ?» አልኳት።

«ውዴ፣ ይቅርታ ሲጠይቀኝ ቆሽሼ እንዲያየኝ አልፈልግም» አለችኝ።

እኔም እንደሷ ነርስ ነኝ፤ ይህን ቆላ ግን ከእሷ ቀድሜ ነው የረገጥኩት። ተስፋዋ አናደደኝ። ቢሆንም ጋዋኑን ስታሰጣ አንዱን ጫፍ ያዝኩላት።

ነገሩ የተነሳው በሰሊጥ አጨዳ መሐል ነው። ባየልኝ የሚባለው ባለእርሻ፣ ማተቤ የተባለ ከጎጃም የመጣ አጫጅ በትራክተር ተሳቢ ጭኖ አመጣብን። እኛ ዘንድ አጨዳ ሲደርስ የደከመ ሁሉ ክንዱን ዘርግቶ «ግሉኮስ ስቀይልኝ» ይላል። ባለእርሻውም ሠራተኛውን እንደ ትራክተሩ ሞልቶ ሊመልሰው ይቸኩላል። ሰሊጥ አይጠብቅማ፤ ቀኑ ካለፈ መሬት ላይ ይረግፋል።

ማተቤ ግን ድካም ብቻ አልነበረም የያዘው። ሆዱ ተነፍቷል፣ እግሩ አብጧል፣ ደሙ አልቆ የዓይኑ ውስጥ ነጥቷል፤ ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል።

«ግሉኮስ ብሰቅልለት ውሃው ሳንባው ገብቶ ይሞትብኛል። የሚያስፈልገው ደም ነው፤ ሆስፒታል ይሂድ» አለች ሰርክአዲስ።

«አንች የታዘዝሽውን ስቀይ! ሐኪም ነሽ እንዴ?» አላት ባየልኝ።

«አልሰቅልም።»

በጥፊ መታት። ልጆቻቸውን ሊያስከትቡ የተሰለፉ እናቶች ፊት። ሰርክአዲስ በአንድ እጇ ጉንጯን ይዛ በሌላው አምቡላንስ ጋ ደወለች። ማተቤ ሆስፒታል ደም ተሰጠውና ተረፈ።

ፖሊስ ጋ ሄደን ነበር። «ይኼማ በሽማግሌ ያልቃል» ብለው መለሱን። ሰርክአዲስ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በመታት ግቢ፣ ሰው እየሰማ፣ «አጥፍቻለሁ» ይበላት። ካሣ የሚባል ነገር አላነሳችም። ባየልኝ መልሱን በውሃ ሰጠን። የጤና ጣቢያው ፓምፕ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ውሃ የሚያመላልስልን የእሱ ቦቴ ነበር። ቦቴው ቀረ። ማዋለጃ ክፍሉን በእርጥብ ጨርቅ እያባበስን ሰነበትን። ኃላፊያችን ታጠቅም ውሃውን የዘጋችው እሷ ይመስል፣ ሰርክአዲስን ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞር ጀመር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹ ግቢያችን ካለው ኒም ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ሰርክአዲስ ያን ጋዋን ለብሳ መጣች፤ ነጭነቱ ዓይን ይወጋል። ባየልኝ ከሽማግሌዎቹ ጎን ወንበር ይዟል። እሷ የምትቀመጥበትን ስትፈልግ፣ የሽማግሌዎቹ አውራ አያ አዛናው ከፊታቸው ያለውን ባዶ መሬት አሳዩዋት።

«አንች እዚያ ቁሚ፣ ልጄ።»

እዚህ አገር በእርቅ ላይ የሚቆመው በዳይ ነው። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባን።

«አያ፣ የተመታሁት እኮ እኔ ነኝ» አለች።

«እናውቃለን። እሱም እጁ ፈጥኗል። ግን አባትሽ የሚሆን ሰው፣ በሰው ፊት አልታዘዝም ብለሽ አዋረድሽው። እስቲ በሽተኛው ራሱ ይናገር።»

ማተቤን አስነሱት። ከሆስፒታል ከወጣ ገና ጥቂት ቀኑ ነው፤ የሚበላውም የሚያድረውም ባየልኝ ካምፕ ነው። ሰርክአዲስ በእግሩ ሲቆም አይታው ደስ አላት፤ ፈገግ አለችለት። እሱ መሬት መሬቱን እያየ፣ «እኔስ ግሉኮስ ፈልጌ ነበር። የከለከለችኝ እሷ ናት» አለ።

ክፋቱ፣ ውሸት አልነበረም።

«ቆመህ የምታወራው ስለከለከለችህ ነው፣ አንተ!» ብዬ ጮህኩ። ታጠቅ ክንዴን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተኝ።

ሰርክአዲስ ወደ ማዋለጃ ክፍሉ ዞር ብላ አየች። ውስጥ አንዲት ወላድ ታቃስታለች፤ ባዶዎቹ በርሜሎች ደጁ ላይ ተደፍተዋል። ከዚያ ጎንበስ አለችና የባየልኝን ጉልበት ነካች።

«አጥፍቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» አለች።

ከእሱ አፍ ልትሰማው የጓጓችውን ቃል እሷው ተናገረችው።

«ኸላስ፣ አለቀ! እኔ ቂም አልይዝም» አለ ባየልኝ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ቦቴው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይጠብቅ ኖሯል፤ ምርቃቱ ሳያልቅ እያጓራ ገባ።

ባየልኝ ሲነሳ ወገቡን ያዝ አደረገ። «ይህ አጨዳ ገደለኝ። በይ እስቲ ለእርቃችን አንድ ግሉኮስ ስቀይልኝ» አላት እየሳቀ። ታጠቅ ሮጦ አልጋ አነጠፈለት።

እኔ ብሆን አሥር ቦታ እወጋው ነበር። እሷ በመጣው ውሃ እጇን ታጠበች፣ ክንዱን አሰረች፣ ደም ሥሩን በጣቷ ዳሰሰች፤ አንዴ ወግታ አገኘችው። በጥፊ የመታት ያ እጅ ነው። ጠብታውን አስተካከለች፤ ፕላስተሩን ሳታጠብቅ ለጠፈችለት።

«እጅሽ ቀላል ነው፤ ምንም አላመመኝ» አለ ዓይኑን እየከደነ። «ስምሽን ማን አልሽኝ?»

ነግራው አታውቅም። እሱም ጠይቋት አያውቅም።

«ሰርክአዲስ» አለችው።

ያንኮራፋ ነበር። ግሉኮሱ እስኪያልቅ ከአጠገቡ አልሄደችም።