የመጨረሻውን ሰው የሚጠብቅ ዘመን

ራይንሂልት አንዴ «አይሆንም» ካለች ትራክተር ቢጎትታት ከቦታዋ አትነቃነቅም። በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ኑርንበርግ በሚሄደው ባቡር ስትሳፈርም ይህንኑ «አይሆንም» በሆዷ ይዛ ነበር። ጭኗ ላይ የጫማ ካርቶን አስቀምጣለች። ካርቶኑ ውስጥ ያለው እሷና ታናሽ ወንድሟ ኤካርት ስንት ክረምት የደከሙበት ጨዋታ ነው።

ጨዋታው ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። አራት ሰው አራት ሕዝብ ይይዛል። ሁሉም ከድንጋይ መጥረቢያ ይነሳና በብረት፣ በወፍጮ፣ በእንፋሎት አልፎ ኤሌክትሪክ ላይ ይደርሳል። የየዘመኑን ሥራ በካርድ እየገነባ ነው የሚሄደው። እንዲህ ያለ ጨዋታ በጀርመን አገር ሞልቷል። የእነሱን ከሌላው የሚለየው አንድ ሕግ ነው፤ የመጨረሻው ሰው ሦስት ሥራ ካልገነባ ዘመኑ አይዘጋም። የቀደመ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ሕጉን ያወጣው ኤካርት ነው። ጀርመንን ለሁለት የከፈለው ግንብ ፈርሶ ምሥራቁ ከምዕራቡ ሲቀላቀል፣ ሁለቱም የቀለጠ ብርጭቆ በአፋቸው እየነፉ ቱቦ የሚሠሩበት የቴርሞሜትር ፋብሪካ ተዘጋ። ራይንሂልት ወዲያው ሻንጣዋን አንስታ ወደ ምዕራቡ ተሻገረች፤ ባየርን ገባችና የሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ሆነች። ኤካርት ግን «ይከፈታል፣ እንደ እኔ ዓይነት እጅ ከየት ያገኛሉ?» ብሎ ቀረ። አልተከፈተም። የቴርሞሜትር ቱቦ በአፉ የሚነፋ ሰው የሚፈልግ ጠፋ። እናታቸው ስትታመም ራይንሂልት ተመልሳ መጣች፤ ኤካርትን ያገኘችው ወጥ ቤት ተቀምጦ የብስኩት ካርቶን በመቀስ እየቆረጠ ካርድ ሲሠራ ነው። «ይሄ ማንንም ጥሎ አይሄድም» አላት ያን ጊዜ። እሷም አብራው መቁረጥ ጀመረች።

አሁን ኑርንበርግ ያለ አንድ የጨዋታ አሳታሚ ጨዋታውን ወዶታል። ያቺን ሕግ ግን አውጡልን ብሎ ደውሏል። እዚያ አገር የጨዋታ ደራሲ ስሙ እንደ መጽሐፍ ደራሲ ክዳኑ ላይ ይታተማል። ስለዚህ ሁለቱም ካልፈረሙ ጨዋታው አይታተምም።

«ስሚኝማ» አለ ኤካርት ባቡሩ ሲነሳ፣ «በራሳቸው ሕግ እንጫወት ካሉሽ እሺ በይና ጎትቺው።»

«ምኑን?»

«ጨዋታውን ነዋ! ቀስ በይ። እኔም ቀስ እላለሁ። ከአራት ሰው ሁለቱ ከጎተቱት የእነሱም ጨዋታ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይሞታል።»

«ሆን ብለን እንሸነፍ? አባባ ቢሰማህ ሰሌዳውን ፊትህ ላይ ነበር የሚገለብጠው።»

እውነቷን ነው። በእነሱ ቤት ሆን ብሎ መሸነፍ ከስርቆት እኩል ነበር። አባታቸው ለልጅ እንኳ አይለቅም፤ ልጅ ሲለቅለት ደግሞ ጨዋታውን በትኖ ይነሳል።

«አባባ ሞቷል» አለ ኤካርት። «ሕጋችንን አብረው እንዳይቀብሩት ነው የምልሽ።»

«እሺ አልኩህ። በቃ፣ አትነዝንዘኝ።»

የአሳታሚው ቤት አርታኢ ወይዘሮ ዚቨርስ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ትሁት ወጣት ናት። ጢሙን ያሳደገ ባልደረባዋን አስከትላ መጣች። ሰሌዳውን ዘረጉና ከሰሌዳው አጠገብ በመዳፍ የምትመታ ትንሽ ደወል አስቀመጡ።

«ወይዘሮ ኩንት፣ አይቀየሙኝ» አለች ራይንሂልትን፣ «በእናንተ ሕግ ግማሽ ቀን ሙሉ ድንጋይ ስንፈልጥ ነው የምንውለው። የጨረሰ ሰው ስልኩን ይነካካል። በእኔ ሕግ ግን አንዱ አራት ሥራ እንደገነባ ደወሉን ይመታል። ዘመኑ ለሁሉም ይለወጣል፤ እጃችሁ ላይ የቀረ የድሮ ካርድ ይጣላል።»

«የዘገየውስ?» አለ ኤካርት።

«ይሮጣላ!» አለና ሳቀ ጢማሙ። «ታሪክስ መቼ ማንን ጠብቆ ያውቃል?»

«አንተን የት ቦታ ጥሎህ ያውቃል፣ ልጄ?» አለው ኤካርት።

ጢማሙ ሳቁን ዋጠው። ወይዘሮ ዚቨርስ ቶሎ ብላ ገባች፦ «አንድ ጊዜ እንጫወት። ከዚያ ፍርዱ የእርስዎ ነው፣ ወይዘሮ ኩንት። መጥፎ ነው ካሉኝ የእናንተ ሕግ ይቆያል፣ ቃሌ ነው።»

ራይንሂልት እፎይ አለች። ይሄማ ቀላል ነው። ጎትታ ጎትታ ታደክማቸዋለች፤ መጨረሻ ላይ «መጥፎ ነው» ትላለች።

በድንጋይ ዘመን ቃሏን ጠበቀች። መጥረቢያዋን ዛፍ የሌለበት ሜዳ ላይ አኖረች፤ ጀልባዋን ከወንዝ አርቃ ሠራች። ኤካርት ከማዶ ሆኖ በዓይኑ አመሰገናት።

«ወይዘሮ ኩንት፣ እንቅልፍ ወሰደዎት እንዴ?» አላት ጢማሙ። «የእኔ ሰዎች ብረት ሊቀጠቅጡ ነው፣ የእርስዎ ገና ለውዝ ይለቅማሉ!»

ጆሮዋ ጋለ። ደወሉን ጢማሙ መታ፤ ብረት ዘመን ገባ። ያኔ አንድ ካርድ ሳበች፤ የውኃ መዘውር ነው። ሰሌዳውን አየችው። ወንዙ ከእሷ መንደር በላይ ከብረት ማዕድኑ ሥር ያልፋል። መዘውሩን እዚያ ብትተክለው ወናፉን ውኃው ይነፋላታል፤ መዶሻውን ውኃው ያነሳላታል። አራቱ ሥራ በአንድ ጊዜ ይሞላል። ይህን ያየ ሰው የለም። እጇን በላት።

ኤካርትን አየችው። ካርዶቹን ደርድሮ ይዟል፤ ጎተራ፣ ድልድይ፣ ምድጃ። ጎትቺው ብሏት ነበር እንጂ እሱስ እየጎተተም አይደለም። የዕድሜ ልክ አጨዋወቱ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ሁሉንም ያዘጋጃል፣ ከዚያ ይገነባል።

አንዴ ብቻ፣ አለች በልቧ። መዘውሩን ተከለች፤ ደወሉን መታች።

አንዴ ግን አልሆነም። ወፍጮው ዘመን ሲገባ ቀጣዩ መንገድ ፍንትው ብሎ ታያት። መታች። እንፋሎት። ጢማሙ ወንበሩን ገፍቶ ቆመ፤ ወይዘሮ ዚቨርስም ቆመች። ራይንሂልት ራሷ መቼ እንደተነሳች አላወቀችም። ያመጡላቸው ቋሊማ ከነሰናፍጩ ቀዝቅዞ ቀረ። ጢማሙ «ይቺ ሴትዮ ጉድ አደረገችን!» እያለ ሲጮህ እሷ በረጅሙ ሳቀች፤ እንዲህ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ!

ተቀምጦ የቀረው ኤካርት ብቻ ነው። ደወሉ በተመታ ቁጥር እጁ ላይ ያሉትን አንድ በአንድ አውጥቶ በፊታቸው ደፍቶ ይጥላል። ጎተራውን ጣለ። ምድጃውን ጣለ። ድልድዩን ጥቂት ያዝ አድርጎ ቆየና እሱንም ጣለው።

ኤሌክትሪክ ላይ ራይንሂልት አሸነፈች። ምሳ ሰዓት እንኳ ገና አላለፈም።

«እንግዲህ፣ ወይዘሮ ኩንት» አለች አርታኢዋ ፊቷ በደስታ ቀልቶ፣ «መጥፎ ነው?»

ኤካርት ቀና ብሎ አያት። ከእሷ የሚፈለገው አንዲት ቃል ናት። ጠዋት ከቤት ይዛት የወጣችው ቃል። ፈለገቻት፤ አፏ ውስጥ የለችም።

«ጥሩ ነው» አለች። «ከእኛው ይሻላል።»

ኤካርት እስክሪብቶውን አነሳ። «የቱ ጋ ነው የምፈርመው?» አለ።

ሲመለሱ ባቡሩ ውስጥ ኤካርት መስኮት መስኮቱን እያየ፣ «ለድልድዩ አንድ ድንጋይ ነበር የቀረኝ» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«አንተ ካርድ ስትጨብጥ ጣትህ ይናገራል። ከልጅነትህ ጀምሮ።»

«እያወቅሽ መታሽው።»

«እያወቅኩ መታሁት። ምን ልበልህ?»

«ምንም አትበይ። ያኔም ሻንጣሽን ስታነሺ፣ እስኪለይለት ጠብቂኝ ብዬሽ ነበር።»

ጨዋታው በመጸው ወጣ። ሳጥኑ የሚያምር ነው፤ የሁለቱም ስም በወርቅ ቀለም ተጽፏል፣ ደወሏም ውስጡ አለች። እሑድ ከሰዓት በኋላ ራይንሂልት አንዱን ሳጥን ከፕሪም ኬክ ጋር ይዛ ኤካርት ቤት ሄደች። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ እሷ ቤት ድርሽ ብሎ አያውቅም። በሩን ከፈተላት፤ ኬኩን ተቀበላት። ሳጥኑን ሳይከፍት ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለው።

«ተቀመጪ» አለና የድሮውን ካርቶን አወጣ። «በእኛ ሕግ።»

ተጫወቱ። ራይንሂልት ሦስቱን የድንጋይ ሥራዎቿን ገነባችና ተቀመጠች። ኤካርት አንድ ካርድ ያነሳል፣ ያያል፣ ይመልሳል። ሌላ ያነሳል። ኬኩ ተበላ። እሱ ገና መጥረቢያውን የት እንደሚያኖር ያስባል። ይህን ሰሌዳ ስንት እሑድ ታግሳዋለች! ያኔ መጠበቁ ተሰምቷትም አያውቅ። ዛሬ ግን ወንበሩ ቆረቆራት። የሚቀጥለው ዘመን፣ ከዚያም የሚቀጥለው ወለል ብለው ይታዩዋታል፤ እግሯ ከጠረጴዛው ሥር አላርፍ አለ።

ኤካርት ካርዱን ሊያኖር ዘርግቶ ሳለ እጁን ገታ። የሚያየው እጇን ነው። ራይንሂልትም ዝቅ ብላ አየች። መዳፏ ደወሉ ሊኖር በሚገባው ቦታ ላይ ባዶውን ጠረጴዛ ቀስ ቀስ እያደረገ ይመታል።

«ሰለቸሽ?» አላት።

ኑርንበርግ ላይ ያጣችው ውሸት አሁን ሳትፈልገው መጣላት።

«ኧረ በፍጹም» አለች። «ተጫወት እንጂ፣ ምን ቸገረኝ?»

በዚያ ቤት፣ በዚያ ጠረጴዛ ላይ እስከዚያ ቀን የዋሸ ሰው አልነበረም። ኤካርት ጥቂት አያት። ከዚያ የዘረጋውን ካርድ ወደ እጁ መለሰና ሁሉንም በውዞ እንደገና ከመጀመሪያው ማሰብ ጀመረ።