ገመገሙ ላይ የሚፈታው ቋጠሮ

ይችን ታሪክ ውሸት ናት የሚል ሰው ካለ ሙጃ ድረስ ሄዶ ይጠይቅ፤ ብርዱን ከቻለው። እኔ ከላሊበላ በላይ ባለችው በአሸተን ማርያም እምላለሁ፤ ሙስሊሙ በዚህ ካልረካ ወላሂም እጨምርለታለሁ፦ አንዲት ነገር አልፈጠርኩም። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ብጥለውም እውነትና ውሸት የሚለዩበትን ክፍል አልፌዋለሁ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ ሰው ዶሮ ሊሸጥ እንኳ ከቀበሌው ሲወጣ የይለፍ ወረቀት በሚጠየቅበት ዘመን። ሙጃ ላይ አሲያ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ባሏ ሞቶ የስፌት መኪናውን ሲተውላት፣ ሴት ልብስ ሰፊ የት ታየ ያሉትን ሁሉ ቀስ በቀስ የራሷ ደንበኛ አድርጋቸዋለች። የልብ ጓደኛዋ ደግሞ ጀውሀራ ነበረች፤ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ተሸክማ፣ የተራራውን አናት፣ ገመገሙን አቋርጣ፣ ላሊበላ ገበያ የምትወርድ ነጋዴ። በታች በኩል ሌላ መንገድ አለ። ግን መንገዱ ላይ ኬላ አለ፣ ኬላው ላይ ፈታሽ አለ፣ ፈታሹ ደግሞ እጅ አለው። ስለዚህ የሙጃ ሴቶች በላይ፣ በብርዱ በኩል ይሄዱ ነበር።

አንድ ኅዳር ጀውሀራ ከገመገሙ ሳትወርድ ቀረች። ሲያገኟት ትልቅ ድንጋይ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ልብሷን በገዛ እጇ አውልቃ፣ ለገበያ እንደሚዘጋጅ ዕቃ አጣጥፋ አጠገቧ አስቀምጣዋለች። ሰዉ ሰይጣን አራቆታት አለ። አሲያ ግን ልብሱን ተቀብላ ዳሰሰችው። የውስጥ አቡጀዲ ቀሚሷ በላብ ርሶ፣ ላቡ በረዶ ሠርቶ፣ እንደ ሳንቃ ቆሟል። ስታነሳው አንዱ እጅጌ የሆነ ነገር እንደሚለምን ክንድ ወደ ፊት ተዘርግቶ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ አሲያ ጨርቅ በቆረጠች ቁጥር ያ እጅጌ ከጎኗ ተዘርግቶ የሚጠብቃት ይመስላት ጀመር። ዞር ብላ አታይም፤ ብታይ የሚኖር መሰላት።

ጀውሀራ ልጅ ትታለች፤ ዘምዘም ትባላለች፣ በቅርብ የተዳረች ሙሽራ። የእናቷ አርባ ሳይወጣ ባናውን አንስታ በዚያው ገመገም ልሄድ ነው አለች። አሲያ ለመነቻት፣ ተቆጣቻት፣ አኮረፈቻት። ዘምዘም "እቴ፣ ባናው ራሱ እግር የለው" ብላ ሳቀች።

አሲያ ማስቀረቱ ካቃተኝ ማልበሱ አያቅተኝም አለች። ጀውሀራን የጨረሳት ላቧ መሆኑን ያ ቀሚስ ነግሯታል፤ ዳገቱ ያላበውን ገመገሙ ያቀዘቅዘዋል። መጀመሪያ ባና በባና ደርባ ሰፍታ፣ ራሷ ለብሳው ከሙጃ በላይ ያለውን ዳገት ወጣች። ስትመለስ ወንዝ የገባች መስላ ነበር፤ ሴቶቹም አሲያ ለመዋኘት ሄዳ መጣች እያሉ ሰነበቱ። ደግማ አሰበች። አቡጀዲውን ከገላ አራቀችው፤ ሱፍ ቢረጥብም እንደ ጥጥ ገላ ላይ አይቀዘቅዝም። ስለዚህ ላላ ተደርጎ የተፈተለ ስስ ሱፍ ከውስጥ፣ ባና ከላይ አደረገች። ብብቱንና የጀርባውን መሐል ሰነጠቀችና በገመድ አያያዘችው። ሲወጡ ገመዱን አንዴ መሳብ ነው፤ ስንጥቁ ይከፈታል፣ ላቡ ይወጣል። ገመገሙ ላይ ሲደርሱ አጥብቆ ማሰር ነው፤ ሙቀቱ ይቀራል። ከቀሚስ ስር ደግሞ የሱፍ ሱሪ።

ሴቶቹ ሱሪውን ሲያዩ ከወገብ በታች ወንድ አደረግሽን ብለው ተንከተከቱ። የይለፍ ወረቀት የሚፈርመው የቀበሌው ሊቀመንበር ሞላ ልብሱን ገለባብጦ፣ ስንጥቁ ውስጥ እጁን ከትቶ፣ የሚደበቅ ነገር እንደሌለ ሲያረጋግጥ ስሙ የአብዮት ካፖርት ይባል ብሎ ፈረመ።

ያልሳቀችው ሬሳ አጣቢዋ እማማ ማሚቱ ብቻ ናት። ገመዱን በጣቷ ይዛ ብዙ ቆየች።

"አንች አሲያ፣ ይችን ቋጠሮ ማን አስተማረሽ?"

"እጄ ነው የለመዳት፣ እማማ።"

"የት እንደለመዳት ልንገርሽ? ጀውሀራን ስንከፍን ያሰርሻት አንች ነሽ። ይች የከፈን ቋጠሮ ናት፤ በአንድ ስቦ እንድትፈታ ተብላ የምትታሰር። መቃብር ውስጥ ነው የምትፈታው።"

 ማሚቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የቀረውን ነገረቻት። የቀብሩ ዕለት ብርዱ ለጉድ ነበር፤ ጉድጓድ የወረዱት ወንዶች ጣታቸው ደንዝዞ ቋጠሮውን መፍታት አቃታቸው። ተያይተው፣ ተፋፍረው፣ እንደታሰረች አፈር መለሱባት።

አሲያ ልብሱን አፍርሳ በሌላ ቋጠሮ ልትሠራው ፈለገች፤ ግን ሴቶቹ ለብሰውት ጭነታቸውን አንስተዋል። የስፌት መኪናዋን ሸፍና፣ የራሷን ካፖርት ለብሳ ተከተለቻቸው።

ዳገቱን የሚያምር አወጣጥ ወጡት። ስንጥቁ ተከፍቶ ከየብብታቸው እንፋሎት ይወጣል፤ አንዷ ጎጆ ቤት መሰልኩ፣ ጭሴን እዩልኝ ትላለች። አሲያ ከኋላ እየሄደች የዘምዘምን ጀርባ በእጇ ትዳስሳለች። ደረቅ ነው።

ጀውሀራ ከተገኘችበት ድንጋይ አጠገብ ሲደርሱ ቆመው ገመዳቸውን አሰሩ። የሁሉም ጠበቀ። የዘምዘም ተፈታ። አሰረችው፤ ተፈታ። ነፋሱ ሰው የሚጥል ነበር፤ ሴቶቹም ነፋሱ ነው ተባባሉ። አሲያ መጥታ ደርባ አሰረችው፤ ገመዱ ጣቷ ላይ እያለ እንደ እባብ ተፍታታ። መርፌ አውጥታ ስንጥቁን ሰፋችው፤ ክሩ ከቅቤ እንደሚወጣ ፀጉር ተንሸራቶ ወጣ። አንድ የማይታይ እጅ፣ በትዕግሥት፣ ያችን ልጅ ይፈታታል።

የዘምዘም ከንፈር ጠቆረ። መንቀጥቀጧን አቆመች። ቀጥሎ ያለችውን አሲያ እስክትሞት አልረሳችውም።

"እቴ፣ ሞቀኝ" አለች፤ ካፖርቷንም ታወልቅ ጀመር። አንዱን እጅጌ አውጥታ አጣጠፈችው።

አሲያ የጀውሀራን አስተጣጠፍ አወቀችው። ከሴቶቹ ሁለቱ ልጅቷን መሐል አድርገው እንዲያቅፏት አዝዛ፣ የራሷን አቡጀዲ ሻሽ ሦስት ቦታ ቀደደችና በድንጋዩ ላይ እንደ ከፈን አሰረችው፤ በራሱ በኩል፣ በወገቡ፣ በእግሩ። ከዚያ እጆቿን በራሷ ብብት ስንጥቅ ውስጥ ከተተች። እዚያ ውስጥ ሙቀት ነበር፤ የሰፋችው ሙቀት። ጣቶቿ ነፍስ ሲዘሩ አወጣቻቸው።

"ጀውሀራ" አለች። "ልጅሽን ተያት። የጠበበሽ ያንችው ቋጠሮ ነው። ያሰርኩሽ እኔ ነኝ፤ እኔው ልፍታሽ።"

የራሱን ፈታች። የወገቡን ፈታች። የእግሩ ግን እምቢ አላት፤ ከውስጥ የያዘው ያለ ይመስል ወደ ድንጋዩ ተሳበ። አሲያ አልታገለችም። አልተኛም ያለ ሕፃን እንደምታስተኛ እናት እሽ፣ እሽ እያለች ጠበቀች። ላላ። ሳበችው፤ ተፈታ።

ዞራ የዘምዘምን እጅጌ መልሳ አለበሰቻት፣ ገመዱንም አሰረችው። ቆመው አዩት። አልተፈታም። ሴቶቹ ልጅቷን እያሹ፣ እየደገፉ ቁልቁል አወረዷት። አሸተን ማርያም ከታች ብቅ ስትል የዘምዘም ጥርስ መንቀጫቀጭ ጀመረ።

"በረደኝ" አለች።

አሲያ መንገዱ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። በዚያ አገር አንድ ሰው በረደኝ ብሎ እልል የተባለለት ያን ቀን ብቻ ነው።

ይኸው ነው። አንዲት ነገር አልፈጠርኩም ብየ የማልኩት ግን ትንሽ ከብዶኛል። እውነቱን ስናገር ነፋሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ እናንተ እንዳትፈሩ ብየ። ያን ቀን ገመገሙ ላይ የጓሳ ሣር ጫፍ እንኳ አልተነቃነቀም።