ባለ ሁለት ሰሌዳው ፕሬዝዳንት

በዩኒቨርሲቲው ዋና አዳራሽ ግድግዳ ላይ አስራ አንድ ፕሬዝዳንቶች ተሰቅለዋል። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አቧራቸውን የጠረገችው አንዲት ሴት ናት። ሠራተኛው ሁሉ ጨርቄ ይላታል፤ መወልወያዋን ሰው ከነካባት «ጨርቄ የት ሄደ?» እያለች ፎቁን ስለምታምሰው ነው። አንድ ቀን ጠፍቶባት ስትዞር ዘበኛው «ዛሬስ እውነትም ጨርቋን ጣለች» ብሎ ግቢውን ሁሉ አስቆባት ነበር።

ጨርቄ ፕሬዝዳንቶቹን የምታውቃቸው በፊታቸው ነው። ስማቸውን አንብባ ባታውቅም ታሪካቸውን አንድ በአንድ ትነግርሃለች፤ የፊተኞቹን ከሽማግሌው ዘበኛ ሰምታ፣ የኋለኞቹን በዓይኗ አይታ። የመጀመሪያው ፂማሙ ነው፤ ግቢውን በዛፍ የሞላው እሱ ነው። ሦስተኛው ተማሪ ሲያምፅበት ቢሮው ውስጥ ራሱን ቆልፎ ሁለት ቀን በብስኩት የከረመ። አምስተኛውን ደርሶ መልስ ትለዋለች፦ ተሾመ፣ ተሻረ፣ ስድስተኛው ወንበሩን ሳያሞቀው ተመልሶ ተሾመ። ሰባተኛው ደግሞ ደርሶ መልስን ገፍቶ የተቀመጠ ነው። ሁለቱ ዓይንና ናጫ ነበሩ። «ለደርሶ መልስ ሁለት ጊዜ ስለተሾመ ሁለተኛ ሥዕል ይሰቀልለት» ሲባል ሰባተኛው «አንድን ሰው ሁለት ጊዜ አልሰቅልም» ብሎ በአንዱ ሥዕል ሥር ስምና የሹመት ዘመን የተቀረጸበት ሁለት የነሐስ ሰሌዳ አስመታ። ስምንተኛው ተጠባባቂ ነበር። አንድ ዓመት ሠርቶ ሄደ፤ ሰሌዳ እንኳ የሠራለት የለም። ጨርቄ የእሱን ሥዕል ስትወለውል እጇ ትንሽ ይቆያል።

ሰባተኛውን ግን እንደ አባት ነው የምታየው። ሥራ ልትለምን ስትመጣ እርጉዝ ነበረች። የቅጥር ክፍሉ ሰውዬ «ወልደሽ ተመለሺ» ሲላት ሰባተኛው በኮሪደሩ ሲያልፍ ሰማና «ወልዳማ የት ትሄዳለች? አሁን ቅጠሯት» አለ። ያቺ ሆዷ ውስጥ የነበረች ልጅ ዛሬ በዚሁ ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ናት።

ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ሠራተኞች ከሥራ በኋላ ይማሩ ተብሎ ምድር ቤት ውስጥ ክፍል የተከፈተ ጊዜ፣ ቀድማ የተመዘገበችው ጨርቄ ናት። ልጇ ከትምህርት ቤት ወረቀት ባመጣች ቁጥር «መነጽሬን ረሳሁ» ማለት ሰልችቷት ነበር፤ መነጽር ኖሯት አያውቅም። ከጎኗ የተቀመጠችው ከመጣች ሦስት ዓመት የሆናት የካፌ ሠራተኛ ነበረች። ይህቺ ሴት በአራት ወር ጋዜጣ ማንበብ ጀመረች። ከዚያ ወዲያ ስሟ ፊደሊት ሆነ። ጨርቄ አሁንም ቃሉን ቆርሳ ቆርሳ፣ እንደ ትኩስ ድንች ከጉንጭ ወደ ጉንጭ እያገላበጠች ነው የምታነበው።

ቅናት ቀስ ብሎ ነው የገባባት። መጀመሪያ የፊደሊት ሳቅ አስጠላት፣ ቀጥሎ እስክሪብቶ አያያዟ። መምህሩ «እስቲ ፊደሊት ታንብብልን» ባለ ቁጥር ጨርቄ ደብተሯን ትዘጋለች። አንድ ቀን ልጇ እራት ላይ «እማዬ፣ ፊደሊት እኮ ለካፌው የዋጋ ዝርዝሩን በእጇ ጻፈችው» አለቻት።

«እኔም እጅ አለኝ።»

«ምን አልኩ እንግዲህ?»

«ምንም አላልሽም። ብዪ።»

ዩኒቨርሲቲው ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ሆነና አዳራሹ ቀለም ተቀባ። ሥዕሎቹ ወረዱ፤ ሰሌዳዎቹም ተፈትተው ተወለወሉ። ከመጣ ዓመት ያልሞላው አስተዳዳሪ ሴት ሠራተኞቹን ሰብስቦ ፊደሊትን «ሥዕሎቹ ከጀርባቸው ቁጥር አላቸው። ሰሌዳዎቹን በዓመተ ምሕረታቸው ተራ እያነበብሽ ታስሪያለሽ። ነገ ለእንግዶች ገለጻ የምትሰጪውም አንቺ ነሽ» አላት።

ጨርቄ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እኔስ?»

«አንቺ መሰላል ያዢላት።»

አስራ ዘጠኝ ዓመት። መሰላል ያዢላት። ጨርቄ ያዘች።

ፊደሊት ሰሌዳዎቹን አንድ በአንድ እያነበበች ወጣች፣ ወረደች። እስከ ስድስተኛው ድረስ ሁሉም ልክ ነበር። ሰባተኛው ሥዕል ጋ ስትደርስ መፍቻውን እንደያዘች ቆመች።

«እትዬ ጨርቄ፣ ይኼ ስም እኮ ከአምስተኛው ጋር አንድ ነው። ሞክሼ ናቸው ማለት ነው?»

የደርሶ መልስ ሁለተኛ ሰሌዳ ነበር። ጨርቄ ገና ሳይነበብ ነው ያወቀችው፤ ጥጉ ላይ የራሷ ባልዲ ያጎደጎደው ጠባሳ አለበት። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ደረሰ። ያኔ የፊደሊት እስክሪብቶ፣ የመምህሩ ምስጋና፣ የልጇ ወሬ አንድ ላይ መጡባት።

«ያነበብሽው አንቺ» አለች። «እኔ መሃይሟ ምን አውቄ።»

ፊደሊት ሰሌዳውን በሰባተኛው ሥር አሰረችው። የሰባተኛው ስም ተገፍቶ ሰሌዳ ወዳልነበረው ወደ ተጠባባቂው ሄደ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ልክ መጣ። አስራ አንድ ሥዕል፣ አስራ አንድ ሰሌዳ፤ አንድም አልተረፈ፣ አንድም አልጎደለ። አስተዳዳሪው መጥቶ ቆጠረና «ንጹሕ ሥራ» አለ።

ጨርቄ በዚያ ምሽት ደስ ይለኛል ብላ ጠብቃ ነበር። እራቷን በቁሟ በላች። ልጇ «ነገ እንግዳ ከሚያስተናግዱት ተማሪዎች አንዷ እኔ ነኝ» ስትላት እንኳ «እንኳን ደስ ያለሽ» ማለቱን ረሳችው።

በማግስቱ እንግዶቹ አዳራሹን ሞሉት። ፊደሊት በተተኮሰ ቀሚስ ግድግዳው ሥር ቆማ ከፂማሙ ጀመረች። ጨርቄ በሩ አጠገብ ጨርቋን ይዛ ትጠብቃለች። «አሁን አንዱ ይስቅባታል፣ አሁን አንዱ ያርማታል» ትላለች በልቧ። ማንም አልሳቀም፤ የድሮውን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

በሩ ተከፈተና ልጇ አንድ ሽማግሌ ደግፋ አስገባች። ከዘራ ይዘዋል፤ ጀርባቸው ጎብጧል። ፊታቸውን ግን ጨርቄ በየቀኑ ትወለውለዋለች፤ ሰባተኛው ናቸው።

«አንቺ ልጅ፣ አለሽ?» አሏት ቆም ብለው። «ያኔ የወለድሽው ምን ነበር?»

«ደግፋ ያስገባችዎት እሷ ናት ጋሼ።»

ልጅቷን አይተው ፈገግ አሉና «ሥዕሌ አሁንም እንደ ጎረምሳ ነው? እስቲ ልየው» ብለው ከዘራቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጨርቄ ያኔ ጨርቄን ማቄን አላለችም። ቀድማቸው ተራመደች፣ በሰው መሃል ሰንጥቃ ገባች፣ ከሰባተኛው ሥዕል ሥር ደርሳ ተንጠራርታ ሰሌዳውን በጨርቋ ሸፈነችና መወልወል ጀመረች። ወለወለች፣ ወለወለች። ፊደሊት ንባቧን አቆመች። አስተዳዳሪው ጥርሱን ነክሶ «ምን እየሆንሽ ነው? ዞር በዪ» አላት።

ጨርቄ ወደ ፊደሊት ጆሮ ጠጋ አለች። «ሞክሼ አይደሉም። አንድ ሰው ነው፤ ሁለት ጊዜ ተሹሞ ነው። የእኚህ ሰውዬ ጠላት ነው። የእሳቸው ስም እዚያኛው፣ ስምንተኛው ሥር ነው ያለው።»

ፊደሊት ፊቷ አመድ መሰለ። «መቼ አየሽው?»

«አሁን» አለች ጨርቄ።

ፊደሊት ወደ እንግዶቹ ዞረች። «ይቅርታ አድርጉልኝ። ሁለት ሰሌዳ ያለቦታው አስሬያለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ታሪኩን የምታውቀው እሷ ናት፣ እሷ ትንገራችሁ።»

ጨርቄ ይኸኛው ቅናት ከሁሉ ባሰባት። ንባቡን ቀድማኝ፣ አሁን ደግሞ ጥፋትን ማመኑንም ቀደመችኝ አለች በልቧ። ግን ሰው ሁሉ ያያታል፤ ልጇም ታያታለች። አፏን ከፈተችና ተናገረች። ስለ ብስኩቱ፣ ስለ ደርሶ መልስ፣ አንድን ሰው ሁለት ጊዜ አልሰቅልም ስላሉት። ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

«ዛሬ ቢሆን አራት ጊዜ እሰቅለው ነበር» አሉ። «እሱ ከሞተ ወዲህ የሚያስቀናኝ ሰው አጣሁ።» ከዚያ ስምንተኛውን አዩት። «ይኼስ የራሱ ሰሌዳ የለውም?»

«ኖሮትም አያውቅ ጋሼ።»

አስተዳዳሪው ማስታወሻውን አውጥቶ ጻፈ።

በሦስተኛው ቀን ምድር ቤት ክፍል ውስጥ ሁለቱ እንደ ወትሮው አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። መምህሩ አልመጣም ነበር። ጨርቄ ደብተሯን ገለጠች፣ ዘጋች። ሦስት ቀን ሙሉ እህል እንደ አሸዋ ሆኖባታል።

«ፊደሊት። አሁን ነው ያየሁት ያልኩሽ ውሸት ነው። መሰላሉን ይዤ ሳለሁ ነው ያየሁት።»

«አውቃለሁ» አለች ፊደሊት እርሳሷን እየቀረጸች። «መሰላሉ እኮ ተንቀጠቀጠ።»

«ታዲያ ምነው አጥብቀሽ አልጠየቅሽኝ?»

«አንቺን ከምለምን ብሞት ይሻለኛል ብዬ ነዋ። እኔ ከወረቀት ለቃቅሜ የማመጣትን አንቺ ግድግዳ አይተሽ ትናገሪያለሽ። ካፌ ውስጥ ሁሉም ‹ጨርቄን ጠይቋት› ነው የሚለው። ሲያቃጥለኝ ከርሟል።»

ጨርቄ አፍጥጣ አየቻት። በዕድሜዋ ሙሉ ሰው ቀንቶባት የሚያውቅ አይመስላትም ነበር። እንደ ሙቅ ውሃ የሆነ ነገር ደረቷ ላይ ሲወርድ ተሰማት፤ ደስ አላት፣ ደስ ስላላትም አፈረች።

«በዪ ጻፊ» አለች ፊደሊት ወረቀት እየገፋችላት። «ለተጠባባቂው የሚቀረጸውን ስም እናንተው ጻፉልኝ ብሏል አስተዳዳሪው። ስሙን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ከተሳሳትሽ አርምሻለሁ።»

«አልሳሳትም» አለች ጨርቄ።

እርሳሷን ጨብጣ አንድ ፊደል ጻፈች፣ ሁለት ጻፈች። ፊደሊት አንገቷን ሰገግ አድርጋ ልታይ ስትል ግን፣ ጨርቄ ወረቀቱን በክንዷ ከለለችው።