የመዝገቡ አባት

ፓስፖርት ላወጣ ነው ስለው አባቴ የያዘውን ዶማ አስቀመጠና «ዓረብ አገር አትሄጂም» አለኝ። በእኛ ወረዳ፣ ዳሪሙ ውስጥ ፓስፖርት የምታወጣ ሴት ልጅ ወዴት እንደምትሄድ ይታወቃል። የጎረቤታችን የጀሚላ ልጅ ከሄደች ወዲህ ድምጿ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ራግቢ እንደምጫወት፣ ለሴቶች ዓለም አቀፍ ማጣሪያ ኡጋንዳ ከሚሄደው ቡድን ጋር መመረጤን፣ በአሥረኛው ቀን እንደምመለስ እስካስረዳው ቆየሁ። ስለ ጨዋታው ሲሰማ ሳቀ።

«ኳስ በእጅ ይዞ መሮጥ ምን ይከብዳል?»

«አንቀው ይጥሉሃላ» አልኩት።

ያሰናከለኝ ስሜ ነው። አባቴ የምለው መሀመድ ሰዒድ የወላጅ አባቴ የካሚል ታናሽ ወንድም ነው። ካሚል የሞተው ገና መራመድ ሳልጀምር ነበር። ትምህርት ቤት ሲያስመዘግበኝ የአባት ስም ጠየቁት፤ የራሱን ሰጠ። የወንድሙን ልጅ የሚያሳድግ ሰው እኛ ዘንድ እንዲህ ያደርጋል፤ ልጅቷ በሟች ስም እንዳትጠራ። ከአንደኛ ክፍል እስከ መቱ ዩኒቨርሲቲ ሙፊዳ መሀመድ ሰዒድ ነኝ። የቀበሌው መዝገብ ግን ሙፊዳ ካሚል ይላል። ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን በፍርድ ቤት አስወስኚ ተባልኩ።

አሰልጣኛችን በየነች አይክበድሽ አለችኝ። አባቴ ቀርቦ አሳዳጊዋ ነኝ እንጂ ወላጅ አባቷ አይደለሁም ብሎ ከመሰከረ ያልቃል። የፓስፖርት ቁጥራችንን ለውድድሩ አዘጋጆች ለማስገባት የቀረን ሦስት ሳምንት ነበር።

በቀጠሮው ቀን የዒድ ኮቱን ለብሶ መቱ መጣ። የሚናገረውን በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አስባልኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳይሳሳት አለው። ዳኛው ይህች ልጅ ለእርስዎ ምንዎ ናት ብለው በኦሮምኛ ጠየቁት። አባቴ ዞሮ አየኝ። ቆፊያውን አወለቀ።

«ልጄ ናት» አለ፣ እሱም በኦሮምኛ።

ዳኛው ጥያቄው አልገባው እንደሆነ ብለው፣ ወላጅ አባቷ እርስዎ ነዎት ወይ ሲሉ ደገሙለት።

«አዎ። እኔ ነኝ።»

ቃሉ ከመዝገቡ ጋር ስላልተስማማ ሌላ ማስረጃ እንዲቀርብ ለወር ከአሥራ አምስት ቀን ተቀጠረ።

ውጪ ባጃጅ ስንጠብቅ ኡጋንዳ ሩቅ ነው ወይ አለኝ። ሩቅ አይደለም አልኩት።

ቡድኑ እኔን ትቶ ሄደ። በቦታዬ ተጠባባቂዋ ሊቺ ገባች፤ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፈው ተመለሱ።